ሳቅ የማይገባበት ክፍል

ሰሞኑን ከሥራ ስገባ የማየው አንድ የቆየ የአሜሪካ ኮሜዲ አለ። «ማሽ» ይባላል። በኮሪያ ጦርነት ጊዜ ከግንባር ብዙም ሳይርቅ ድንኳን ተክሎ ቁስለኛ የሚያክም የጦር ሆስፒታል ነው ታሪኩ። የደብረ ብርሃን ብርድ በጊዜ ቤት ይሰበስባል፤ አንድ ክፍል ልይ እልና ሦስት አራት አይቼ እተኛለሁ።

መታየት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1972 ነው። አሜሪካ ያኔ ገና ከቬትናም አልወጣችም። ስለ ኮሪያ እያወራ የሚነካካው ቬትናምን ነው። ሦስት ዓመት የፈጀውን ጦርነት አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አሳዩት። በ1983 የመጨረሻውን ክፍል ከመቶ ሚሊዮን በላይ ሰው ተመለከተው።

በዚያ ዘመን ኮሜዲ ላይ የተቀዳ ሳቅ ይጨመር ነበር። ጣቢያው እዚህም ላይ ይግባ አለ። አዘጋጆቹ ግን ኦፕራሲዮን ክፍል ውስጥ ሳቅ አይገባም ብለው ተከራከሩ፤ ተሳካላቸውም። ሆክአይ የሚባለው ሐኪም እጁ ደም በደም ሆኖ ይቀልዳል፣ የሚስቅለት የለም። ድንገተኛ ክፍል አዳር ለሠራ ሰው ያ ቀልድ ከየት እንደሚመጣ መንገር አያስፈልግም።

ከሁሉም የያዘኝ ግን ወረፋው ነው። ሄሊኮፕተር ቁስለኛ ያራግፋል። ቀድሞ የሚገባው ቶሎ ካልታከመ የሚሞተው ነው። ማዕረግ አይታይም። የሰሜን ኮሪያ ወታደርም ቢሆን ተራው ሲደርስ ይታከማል። ሆክአይ ስለ ጦርነት ከሚናገረው ሁሉ (አንዳንዴ ስብከት ያበዛል) ይልቅ ለእኔ ፖለቲካው ያለው እዚህ ነው፤ የማን ቃሬዛ ቀድሞ ገባ የሚለው ላይ።

እኛም ትሪያጅ አለን፤ ቁስለኛና ታማሚን እንደ ሕመሙ አጣዳፊነት መለየት ማለት ነው። ከአስቸኳዩ ጀምሮ ቀይ፣ ብርቱካናማ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ። ግን ሰው ያለው ሰው በስልክ ያስደውልና በጎን ይገባል። ከመንዝ ገጠር ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ መኪና መንገድ ያደረሳት እናት ደግሞ «ካርድ አውጡ» ተብላ ኮሪደር ላይ ትጠብቃለች። ሻሿን አፏ ላይ አድርጋ ሕመሟን ትውጣለች፤ ሰው እንዳትረብሽ ብላ። ይሄ ያንገበግበኛል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሸዋ ሮቢት በደረሰ ጊዜ ቁስለኛ ጎረፈብን። አንድ ማታ ጭኑ የተመታ ልጅ ገባ። ከኋላ አንዱ «የማን ወገን ነው?» አለ። ተረኛዋ ሲስተር ቀና ብላም አላየችው። ሱሪውን በመቀስ ቀደደችና «ግሉኮስ አምጡ» አለች። እንደዚያ ማታ በሙያዬ የኮራሁበት ጊዜ የለም።

ወደ ኮሪያ የዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ የቃኘው ልጆችም እዚያው ነበሩ። የመጀመሪያው ሻለቃ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአገር ወጣ። ከ120 በላይ ሞቱ፣ ከ500 በላይ ቆሰሉ። «ማሽ»ን ሳይ እነሱን ማሰብ አልተውም። ከድንኳኖቹ በአንዱ አንድ የሸዋ ልጅ ተኝቶ ይሆናል፣ ቋንቋውን የሚሰማለት ሳይኖር።

የሚከፋኝም ነገር አለ። ጦርነቱ የተካሄደው ኮሪያውያን ደጅ ላይ ሆኖ ሳለ እነሱ ብዙውን ጊዜ ዳር ላይ ታይተው ያልፋሉ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነርሶቹም የቀልድ ማድመቂያ ናቸው። ዋና ነርሷ ማርጋሬት እንደ ሙሉ ሰው የምትታየው እየቆየ ነው።

አዲስ ተለማማጆች ሲመጡ የወረፋውን ትዕይንት እየተረጎምኩ ላሳያቸው አስቤያለሁ። ማርጋሬትንም ከኋለኞቹ ክፍሎች እመርጣለሁ። አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፤ እሷን በደህናው ጊዜዋ ይወቋት።