የእድር ዳኛችንን የሕይወት ታሪክ እንዴት ጻፍኩ

ቀብር ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሌሊት ነው የሚጻፈው። የእድራችን ዳኛ ሲያርፉ እኔም የነበረኝ ጊዜ ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ ንጋት ነበር። "ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ለተቸገረ ደራሽ" እያሉ ገጽ መሙላት አይከብድም፤ ግን እሱ ለማንም ይነበባል። የእሳቸውን ለይቶ ለመጻፍ ወረቀት ያስፈልጋል። ወረቀቱ ደግሞ የሚገኘው ከቤተሰቡ ይልቅ እድሩ ዘንድ ነው።

ቤተሰቡን የጠየቅኩት ሙሉ ስማቸውን ከክርስትና ስማቸው ጋር፣ የትውልድ ቦታና ዘመናቸውን፣ ሥራቸውን፣ ልጆቻቸውንና ያረፉበትን ቀን ብቻ ነው። ሐዘንተኛን ከዚያ በላይ ማድከም አይገባም። የልጆችን ስም ግን ከሁለት ሰው ማረጋገጥ ግድ ነው። ከሌላ እናት የተወለደ ወይም ቀድሞ የሞተ ልጅ ከተዘለለ ቅያሜው ከተዝካሩም ያልፋል።

ከዚያ ከእድሩ ጸሐፊ ቃለ ጉባኤውንና የወርሃዊ መዋጮውን መዝገብ ተቀበልኩ። ቃለ ጉባኤው መቼ እንደተመረጡ፣ ድንኳንና ወንበሩ መቼ እንደተገዛ ይናገራል። ትልቁ ነገር የተገኘው ግን መዋጮው ላይ ነው። ከአንዳንድ ስሞች ትይዩ፣ የፊርማ ቦታው ላይ፣ በእሳቸው እጅ ጽሑፍ በቀይ እስክሪብቶ "ከእኔ" ይላል። ውዝፍ የበዛበት አባል በደንቡ ይሰረዛል፤ ሐዘን ሲደርስበትም ድንኳንም ገንዘብም አያገኝም። እሳቸው ያ እንዳይሆን ከኪሳቸው ይከፍሉ ነበር። የሰዎቹን ስም አልጻፍኩም፤ ቀብሩ ላይ ቆመው ይሰማሉና።

ወላጅ አልባ ሕፃናትን ያሳደጉት የአበበች ጎበናም ታሪክ ከሰው ልብ የማይወጣው በማዕረጋቸው አይደለም። ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ከወሎ ረኃብ መሐል ሁለት ሕፃናት ይዘው መመለሳቸው፣ የልጆቹም ቁጥር በአንድ ዓመት ውስጥ 21 መድረሱ ነው።

ስህተት የሚበዛው ዓመተ ምሕረት ላይ ነው። የእድር መዝገብ በእኛ አቆጣጠር፣ ፓስፖርትና የውጭ ድርጅት ምስክር ወረቀት በፈረንጆቹ ይጻፋል። ከፈረንጆቹ ዓመት ላይ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይቀነሳል። የአበበች ጎበና ዕረፍት ጁላይ 4 ቀን 2021 ነው፤ በእኛ ሰኔ 27 ቀን 2013 ዓ.ም.። 7 የቀነሰ ሰው 2014 ብሎ ይጽፋል። ሁለተኛው ማጣሪያ ዘመኑ ራሱ ነው። አንድ ጎረቤት "በ1964 የቀበሌ ሊቀመንበር ነበሩ" አሉኝ። ቀበሌ የመጣው ግን የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ሐምሌ 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ ስለሆነ ዓመቱን አወጣሁት።

በ16 ነጥብ ፊደል ሁለት ገጽ ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ ከረዘመ ፀሐይ ላይ የቆመ ሕዝብ መንሾካሾክ ይጀምራል። መብራት ሳይጠፋ አራት ቅጂ አሳተምኩ፤ ለአንባቢው፣ ለቤተሰቡ፣ ለእድሩ መዝገብና ለመጠባበቂያ። አንባቢው ስም እንዳይሳሳት ጠብቆ የሚነበበው ፊደል ላይ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረግኩ። "ከእኔ" የምትለዋን ቃል ደግሞ ለብቻዋ መስመር ሰጠኋት፤ እዚያ ሲደርስ ትንፋሽ እንዲወስድ።