ወንበሩን ከማስለበሳችሁ በፊት

የመርሰዲስ 123 የሹፌር ወንበር ሲያረጅ መጀመሪያ የሚያልቀው በበሩ በኩል ያለው ጎኑ ነው። ሹፌሩ በገባና በወጣ ቁጥር ሱሪው የሚፈትገው፣ የኪሱ ቁልፍ የሚቧጭረው እሱን ነው። ቀለሙ ይለቃል፣ እጥፋቱ ላይ ቀጫጭን ስንጥቅ ይወጣል፣ ባለቤቱም ታፒሴሪ ቤት ወስዶ አዲስ ያስለብሳል። ብዙ ጊዜ የሚለብሰው ሰው ሠራሽ ነው፤ 40 ዓመት የቆየው እውነተኛ ቆዳ ተገፎ ይጣላል። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ያለቀው አብዛኛውን ጊዜ ቆዳው ሳይሆን ላዩ ላይ የተቀባው ቀለም ነው። የወንበር ቆዳ ከአንድ ሚሊሜትር ትንሽ ያልፋል፤ ቀለሙ ግን ከሥስ ወረቀት አይወፍርም። ስለዚህ ቆዳውን ሳትጥሉ ጠግናችሁ እንደገና መቀባት ትችላላችሁ።

በመጀመሪያ ቆዳ መሆኑን አረጋግጡ። እነዚህ መኪኖች ከ1976 እስከ 1980ዎቹ አጋማሽ እ.ኤ.አ. ሲመረቱ ብዙዎቹ የወጡት ኤምቢ ቴክስ በሚባለው ሰው ሠራሽ ልብስ ነው፤ እሱም ከቆዳ ለመለየት ያስቸግራል። ወንበሩን ፈታችሁ ከሥር የታጠፈውን ጠርዝ እዩ። ጀርባው የተሸመነ ጨርቅ ከሆነ ሰው ሠራሽ ነው፤ ሻካራና ጭረታም ከሆነ ቆዳ ነው። ቆዳ የተባለውም ቢሆን መቀመጫውና መደገፊያው ብቻ ቆዳ ሆኖ ጎንና ጀርባው ሰው ሠራሽ ሊሆን ይችላል። ሲፈታ ቡሎኖቹ ቀላል ናቸው፤ ነገር ግን ወንበሩ ውስጥ ኤርባግ ባለበት በአዲስ ሞዴል ላይ ቢጫውን ሶኬት ከመንቀላችሁ በፊት ባትሪውን ነቅላችሁ ጥቂት ደቂቃ ጠብቁ።

ሥራው የሚበላሸው ቀለም ላይ ሳይሆን ጽዳት ላይ ነው። ኦሞና በረኪና አታስነኩት፤ የለፋ ቆዳ ወደ አሲድነት ያዘነበለ ነው፣ እነሱ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፣ ውለው አድረው ያደርቁታል። ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና በውሃ አቅጥኑና አረፋውን ብቻ በለስላሳ ብሩሽ እያሻችሁ፣ 30 በ30 ሴንቲሜትር እየከፈላችሁ ሂዱ፤ ውሃው ስፌቱ ውስጥ እንዳይገባ ወዲያው በጨርቅ አድርቁ። መጀመሪያ የሚወጣው እድፍ ቡና አተላ ይመስላል። ጨርቁ ነጭ ሆኖ እስኪመለስ ድገሙት።

ከእድፉ የባሰው ላቫጆ ላይ የሚቀቡት ማብረቂያ ነው። ብዙው ሲሊኮን አለበት። ሲሊኮን የቀረበት ቦታ ላይ አዲስ ቀለም ሲቀባ፣ በዘይት ላይ እንደፈሰሰ ውሃ ክብ ክብ እየሠራ ይሸሻል፣ የያዘ የመሰለውም ከወራት በኋላ ተላጦ ይነሳል። በአኳራጃ (በዘይት ቀለም ማቅጠኛ) የረጠበ ጨርቅ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ጥረጉ፤ በእያንዳንዱ ጠረጋ ጨርቁን ወደ ንጹሕ ገጹ አጥፉ፣ አለበለዚያ ያነሳችሁትን መልሳችሁ ትቀቡታላችሁ። በመጨረሻ አልኮል አስከትሉ። ናይትሮ ቲነር ግን ከቦታው አርቁት፤ ጤነኛውን ቀለም ያቀልጣል፣ ሰው ሠራሹን ክፍልም ያደርቀዋል።

ቀጥሎ ብርጭቆ ወረቀት። የስንጥቅ ከንፈር ወደ ላይ ይገለበጣል፤ በጥፍራችሁ ስታልፉበት የሚይዛችሁ እሱ ነው። በቁጥር 400 ጀምሩ፣ በ800 ጨርሱ፣ ጥፍር መያዙን ሲተው ይበቃል። ወረቀቱን በጣት ብቻ አትጫኑት፤ ጣት ቦይ ይቆፍራል። በትንሽ ስፖንጅ ላይ ጠቅልሉት። አቧራውን በአልኮል አንሱ።

ስንጥቁን በመኪና ስቱኮ ወይም በሱፐር ግሉ የሚሞሉ አሉ። ሁለቱም ድርቅ ብለው ይቀራሉ፤ ቆዳው ግን ሰው በተቀመጠ ቁጥር ይታጠፋል፣ ስለዚህ በመሙያው ጠርዝ አዲስ ስንጥቅ ይከፈታል። የሚተጣጠፍ የቆዳ መሙያ ያስፈልጋል። በስፓቱላ ስስ አድርጋችሁ ግፉትና ትርፉን ጥረጉ። ፀጉር ማድረቂያውን 20 ሴንቲሜትር አርቃችሁ እያንቀሳቀሳችሁ አድርቁ። ከ3 እስከ 6 ጊዜ ደጋግሙት። ባንዴ በወፍራሙ የተሞላ ስንጥቅ ላዩ ብቻ ይደርቃል፣ በማግስቱ ውስጡ ሲሸሽ ጎድጉዶ ይገኛል።

ቀዳዳ ከሆነ ከሥሩ ጨርቅ ይግባ። ከቀዳዳው በየአቅጣጫው 1 ሴንቲሜትር የሚተርፍ፣ ጥጉ የተከረከመ ስስ ጨርቅ ቆርጣችሁ በወረንጦ ከቆዳው ጀርባ ዘርጉት፤ ሹል ጥግ ካለው ከላይ ጎልቶ ይታያል። ማስቲሽ እዚህ ላይ አይመችም፤ እንደነካ ስለሚይዝ ጨርቁን ለማስተካከል ጊዜ አይሰጥም። ቀስ ብሎ የሚደርቅ፣ ከደረቀም በኋላ የሚተጣጠፍ ማጣበቂያ ይሻላል። ስፌት ከተተረተረ በፖሊስተር ክር፣ በድሮዎቹ ቀዳዳዎች ብቻ ስፉ። አጠገቡ አዲስ ቀዳዳ ከተበሳ ቆዳው እንደ ቴምብር ይቀደዳል።

ይህ ሁሉ ከመደረጉ በፊት ግን ከወንበሩ ሥር ያለውን ምንጣፍ ተመልከቱ። የ123 ወንበር ሽቦ ስፕሪንግና በጎማ የተያያዘ የፀጉር ንጣፍ አለው። ምንጣፉ ላይ ቡናማ ገለባ የመሰለ ብናኝ ካለ ንጣፉ እየተፈረፈረ ነው። ውስጡ የላላ ወንበር ቆዳውን ሁልጊዜ እዚያው ቦታ ላይ ስለሚያጥፈው መሙያውም ቀለሙም አይሰነብትም። የታፒሴሪ ባለሙያው የሚያስፈልገው እዚህ ነው፦ ንጣፉን ያድስ፣ ቆዳውን ግን መልሶ ያልብስ።

ቀለሙ በውሃ የሚቀጥን የቆዳ ቀለም ይሁን፤ የጫማ ቀለም ሱሪ ላይ ይወጣል። ለሁለት የፊት ወንበር ሩብ ሊትር ገደማ ይበቃል። ሙሉውን ወንበር ከቀባችሁ ፀሐይ ካልነካው ከታጠፈ ጠርዝ ጋር አመሳስሉ፤ ጎኑን ብቻ ከሆነ ደግሞ አሁን ካለው ደብዛዛ መልክ ጋር። እርጥብ ቀለም ደርቆ ይጠቁራል፤ ስለዚህ አንድ ጠብታ ቀብታችሁ በማድረቂያ ካደረቃችሁ በኋላ ፍረዱ፣ የቀላቀላችሁትንም በሚዛን ለክታችሁ ጻፉ፣ ቢያልቅ ደግማችሁ ታገኙታላችሁ። የመጀመሪያውን ዙር በስፖንጅ እየጠረጋችሁ ቀቡ፣ የቀሩትን ከ3 እስከ 4 ዙር በስፖንጁ በስሱ እየነካካችሁ ቀቡ። በየመሃሉ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይጠብቃል፤ በክረምት ከዚያም በላይ። ላዩን የሚጠብቀውን መሸፈኛ ሁለቴ ቀቡ፣ የማያብረቀርቀውን። እንደ መስታወት የሚያበራ ወንበር ከሩቁ እንደተቀባ ይታወቃል።

24 ሰዓት አትቀመጡበት፣ ለሁለት ሳምንት በምንም ነገር አታጽዱት። ከዚያ በኋላ በወር አንዴ ያንኑ የበሩን ጎን በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። ቫዝሊንና የምግብ ዘይት ቀለም የለበሰ ቆዳ ውስጥ አይዘልቁም፤ ላዩ ላይ ተቀምጠው አቧራ ይሰበስባሉ።