«ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም» ያልኩ ቀን

የምሠራው ጤና ጣቢያ ነው፣ መድኃኒት ክፍል። የዚያን ቀን ሰልፉ እስከ ግቢው በር ደርሶ ነበር። በየወሩ ፌኖባርቢታል የምትወስድ ልጅ አለች። የሚጥል በሽታ አለባት፤ መድኃኒቱን ከጀመረች ወዲህ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ጥሏት አያውቅም። ክኒኑን ተቀብላ ልትሄድ ስትል መለስ አለችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ዶክተር፣ አርግዣለሁ፤ ችግር አለው?» አለችኝ። (ፋርማሲስቱንም ዶክተር ነው የሚሉት። እኔም አላርማቸውም፣ ደስ ሳይለኝ አይቀርም።)

ከማዘዣው ቀና እንኳን ሳልል «ለነፍሰ ጡር ጥሩ አይደለም፣ ሐኪምሽን አናግሪ» ብያት ቀጣዩን ተራ ጠራሁ።

አልዋሸሁም። ፌኖባርቢታል ፅንሱ የአፈጣጠር ችግር እንዲገጥመው ያለውን ዕድል ከፍ ያደርጋል፣ በተለይ መጠኑ ሲበዛ። እሷ ግን ይዛ የሄደችው የአረፍተ ነገሬን ግማሽ ነው። የሐኪም ቀጠሮዋ ገና ከወር በኋላ ነበር፤ ክኒኑን በዚያው ማታ ተወችው።

በሳምንቱ እናቷ መጡ። ቡና እያፈላች ጥሏት እጇ ከሰሉ ላይ አርፏል፣ ከዚያም ደጋግሞ ስለጣላት ሆስፒታል ገብታለች። «ልጄ፣ አቁሚ ያልካት አንተ ነህ?» አሉኝ፣ በቀስታ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር።

ፌኖባርቢታል በአንዴ ሲቋረጥ፣ መቋረጡ ራሱ ያንቀጠቅጣል። መንቀጥቀጡ እየተከታተለ አልቆም ካለ ደግሞ እናትም ፅንስም ኦክስጅን ያጥራቸዋል፣ ሁለቱም ሊሞቱ ይችላሉ። ይህን ተምሬዋለሁ፣ ተፈትኜም አልፌበታለሁ፤ መስኮቱ ጋ ስደርስ ነው የጠፋብኝ።

ሐኪሙ መድኃኒቱን መልሶ አስጀመራት፣ በሽታውን በሚይዝላት ዝቅተኛ መጠን። አራት ወር አልፏት ስለነበር በዚያ ሰዓት መቀየሩ ከጥቅሙ ጣጣው ይበልጣል አለ። የፅንሱ አከርካሪ የሚዘጋው ከተፀነሰ በ28 ቀን ገደማ ነው፣ ብዙ ሴት ማርገዟን እንኳ ሳታውቅ። ስለዚህ የመድኃኒቱ ምርጫም ሆነ ፎሊክ አሲዱ (አከርካሪው በደንብ እንዲዘጋ የሚያግዘው ቫይታሚን) መታሰብ የነበረባቸው ከእርግዝናው በፊት ነው። እኔ ደግሞ ሁለት ዓመት በየወሩ ፊቴ ስትቆም አንድም ቀን «ልጅ አስበሻል ወይ?» ብዬ አልጠየቅኳትም። አሁን እጠይቃለሁ፤ አንዳንዷ «ምን አገባህ?» በሚል ዓይን ታየኛለች፣ ቢሆንም እጠይቃለሁ።

ልጁ በሰላም ተወለደ። እጇ ላይ ግን ጠባሳው አለ። እናቷም መድኃኒቱን ሊወስዱላት ሲመጡ፣ የእኔ መስኮት ባዶ ሆኖ እንኳ የባልደረባዬን ሰልፍ ይጠብቃሉ።