2147483647ን በእጄ ስፈትሽ 07 የሠራችኝ ጉድ

ሥራ ቦታ አንድ የዳታቤዝ መቁጠሪያ 2147483647 ላይ ደርሶ ቀጥ አለ። ባለ32 ቢት (32 የ0 ወይም የ1 ቦታ ያለው) መቁጠሪያ፣ አንዱን ቢት ለመደመር ወይም ለመቀነስ ምልክት ትቶ፣ ከዚህ በላይ አይሄድም። 31 ሁለቶችን አባዝታችሁ 1 ስትቀንሱ የምታገኙት ቁጥር ነው። ብቸኛ ቁጥር፣ ማለትም ፕራይም (ከ1 እና ከራሱ በቀር ለሌላ የማይካፈል) መሆኑን የሂሳብ ሊቁ ኦይለር እ.ኤ.አ. በ1772 አረጋግጧል። እኔም በእስክሪብቶ ላረጋግጥ ብዬ ተነሳሁ። ለምን ብላችሁ አትጠይቁኝ።

የኦይለር መንገድ እስከ 372 ጊዜ ማካፈል ይፈልጋል። እኔ ሉካስና ሌህመር የተባሉ የሂሳብ ሊቃውንት ያወጡትን ፈተና መረጥኩ። ከ4 ትጀምራላችሁ፤ በራሱ ታባዛላችሁ፣ 2 ትቀንሳላችሁ፣ ለ2147483647 አካፍላችሁ ቀሪውን ትይዛላችሁ። 29 ጊዜ። መጨረሻ ላይ 0 ከመጣ ብቸኛ ነው። 14፣ 194፣ 37634... እስከዚህ ጨዋታ ነው። ከዚያ ባለ10 አሃዙ ይመጣል። ካሬ ደብተር ግዙ፣ የቁጥሩን ብዜት ከ1 እስከ 9 ካርቶን ላይ ጻፉ፣ በቃ።

ከሥራ በኋላ አራት ኪሎ አንድ ካፌ ጥግ ይዤ፣ በአንድ ማኪያቶ ሁለት ሰዓት እቀመጣለሁ። አስተናጋጁ "ወንድሜ፣ ምን ልጨምር?" ሲል ቀና እላለሁ፤ ስመለስ የያዝኩት ጠፍቷል። ግን ጥፋቱን እሱ ላይ አልለጥፍም።

29ኛው ላይ ደረስኩ። 0 አልመጣም። ለአንድ ምሽት ያህል ኦይለርን ጠረጠርኩት፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ትምህርት ቤት "አባዝተህ ስትጨርስ በ9 አረጋግጥ" ተብለን ነው ያደግነው። አሃዞቹን ደምር፣ 9 እየጣልክ አስተያይ። እያንዳንዱን መስመር እንደዚያ ፈትሼ ነበር፤ ሁሉም ልክ። እንደገና ከመጨረሻው ወደ ኋላ ፈተሽኩ። ልክ። አራት ምሽት ሄደ። አምስተኛው ቀን ገጽ ስገልጥ አየኋት፦ የ11ኛው እርምጃ ውጤት 1119438707 ሆኖ ሳለ፣ ወደሚቀጥለው ገጽ ያሻገርኩት 1119438770 ብዬ ነው። 07 ተገልብጣ 70። የሁለቱም አሃዝ ድምር 41! በ9 ማረጋገጥ የተገላበጠ አሃዝን ጭራሽ አያይም። ይህን ማንም አስተማሪ አልነገረኝም፤ አሁንም ያናድደኛል። ከዚያ በኋላ ያሉት 18 መስመሮች በሙሉ ከንቱ።

እኔን ከሰማችሁ 9ን ተዉትና በ11 ፈትሹ። ከቀኝ ጀምራችሁ አንዱን ደምሩ፣ ቀጣዩን ቀንሱ። ትክክለኛው ቁጥር 13 ይሰጣል፣ የእኔው ስህተት ደግሞ −1። ወዲያው ትያዝ ነበር። ገጽ ስትገልጡ ደግሞ ቁጥሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፤ ካፌው ቢስቅባችሁም ይሳቅ።

ከ12ኛው እንደ አዲስ ጀመርኩ። ረጃጅሞቹ ቁጥሮች ተከታትለው መጡ። 27ኛው 1181536708። 28ኛውን ሳካፍል ቀሪው አምስት አሃዝ ብቻ ሆነ፦ 65536። አጥሮብኝ ደነገጥኩ፣ በ11 ፈተሽኩት። በራሱ ሲባዛ 4294967296፣ 2 ሲቀነስ 4294967294። ካርቶኑ ላይ አየሁ። ሁለተኛው መስመር ላይ እሱው ራሱ ተጽፏል።

"ወንድሜ፣ ልንዘጋ ነው" አለኝ ልጁ። ዜሮዋን ጽፌ ሂሳብ ከፈልኩ።