«ወረቀቱን አይተኸው ነበር?»

ደብተሩን የገዛሁት በ2016 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ነው። ተራ ባለ 50 ሉክ ደብተር። ያን ሰሞን ፒያሳ ውስጥ ሰላምታው ራሱ ተቀይሮ ነበር። ሰው ሲገናኝ «እንዴት አደርክ?» ማለቱን ትቶ «ምን ሰማህ?» ይባባላል። የአድዋ ድል መታሰቢያ የካቲት ላይ ተመረቀ፤ ወዲያው ደግሞ መንገድ ለማስፋት ሰፈር የሚያስነሳው የኮሪደር ልማት መጣ። ዶሮ ማነቂያ ሰፈር ይነሳል፣ እሪ በከንቱ ሰፈር ይነሳል፣ የእኛ መደዳ ይቀራል፣ አይ የእኛም ይነሳል። ጠዋት የሰማኸው ማታ ይገለበጣል።

እኔ ጋዜጠኛ አይደለሁም። የዕድራችን ጸሐፊ ነኝ። መዋጮ የምመዘግበው፣ ከቀብር ማን እንደቀረ የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ሰው «ጸሐፊው ያውቃል» እያለ ወደ እኔ ይመጣል። «አላውቅም» ማለት ከበደኝ። ስህተቱም የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ማክሰኞ ማታ ሱቅ በር ላይ «እስከ ቅዳሜ ልቀቁ ተብሏል» ሲባል ሰማሁ። የነገረኝ ሰው ቁም ነገረኛ ነው። እኔም ሳላድር በየቤቱ አዳረስኩት። ግቢያችን ጥግ ላይ እንጀራ እየሸጡ ብቻቸውን የሚኖሩ እማማ አሉ። እሳቸውም ጋ ገብቼ ነገርኳቸው።

በማግስቱ ቁራሌውን ጠርተው ቁምሳጥናቸውን ሸጡ። ሟች ባለቤታቸው በእጃቸው የሠሩት ነበር። 1,200 ብር ሰጣቸው። በሩ ጠባብ ስለሆነ አልወጣ ብሎ አንዱን መዝጊያ ነቅለው ነው ያወጡት። እማማ የተነቀሉትን ብሎኖች ከመሬት ለቅመው ለቁራሌው በወረቀት ጠቅልለው ሰጡት። ቅዳሜ መጣ፣ ማንም አልለቀቀም። ትክክለኛው ቀን በደብዳቤ የተነገረን ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ይቅርታ ልጠይቅ ሄድኩ። አልተቆጡኝም። ቁምሳጥኑ የነበረበት ቦታ ላይ የግድግዳው ቀለም አልደበዘዘም። አረንጓዴው አዲስ እንደተቀባ ሆኖ ይታያል። እሱን እያየሁ ዝም ስል፣ «ልጄ» አሉኝ፣ «ወረቀቱን አይተኸው ነበር?»

አላየሁም ነበር። ቤቴ ገብቼ ጥያቄያቸውን የደብተሩ ሽፋን ላይ ጻፍኩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ አሠራሬ ተለወጠ። የሰማሁትን ሁሉ እጽፋለሁ፤ አጠገቡ ግን ከሦስት ቃላት አንዱን አደርጋለሁ። «አየሁ» ካልኩ ማኅተም ያለበትን ደብዳቤ ወይም የተለጠፈውን ማስታወቂያ በዓይኔ አይቼ ቀኑንና ቁጥሩን ገልብጫለሁ ማለት ነው። «ከባለቤቱ» ካልኩ ነገሩ የሚመለከተው ሰው ራሱ ነግሮኛል። የቀረው «ወሬ» ነው። ወሬውን እይዘዋለሁ፣ ለማንም ግን አላዳርስም። መጀመሪያ ላይ ሰው ተቀየመኝ። «አውቀህ ደብቀህ ነው» ያለኝም ነበር። ሁለት ሦስት ወሬ ውሸት ሆኖ ሲቀር ቅያሜው በራሱ ለቀቀ።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የስብሰባ ዜና ነው። በስብሰባ ላይ «ተወስኗል»፣ «ታቅዷል»፣ «እየተጠና ነው»፣ «አቅጣጫ ተቀምጧል» ይባላል። አራቱ በጣም የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ሰው ከአዳራሽ ሲወጣ ግን አራቱንም «ተወስኗል» አድርጎ ነው የሚያወራው። ስለዚህ ግሱን እንደተነገረው እጽፋለሁ። ስብሰባው ሲያበቃ ደግሞ ወደ ሰብሳቢው ቀርቤ «የጻፍኩትን ላንብብልዎት፣ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ» እላለሁ። የመጀመሪያ ቀን ሰብሳቢው ፊታቸው ጠቆር አለ። «ለማን ነው የምትጽፈው?» አሉኝ። «ለዕድራችን አባላት» አልኳቸው። አንብቤ ስጨርስ አንድ ቦታ አረሙኝ። «ተነሺው ሁሉ ምትክ ቤት ያገኛል» ብዬ ጽፌ ነበር። «ውል ያለው በልበት» አሉኝ።

ይቺ «ውል ያለው» የምትባል ነገር ስንቱን ቤት እንዳናጋች የፒያሳ ሰው ያውቃል። በ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶች የመንግሥት ሲሆኑ፣ ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆኑት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የሆኑት ኪራይ ቤቶች ለሚባለው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዱ። የእኛ መደዳ አብዛኛው የቀበሌ ቤት ነው። ውሉ በአያት ስም ሆኖ ሦስት ትውልድ የኖረበት አለ። ወንድም አግብቶ በብሎኬት ከፍሎ፣ እህት ጓሮ ቀጥላ የምትኖርበት አለ። የቀበሌ ተከራይ ኮንዶሚኒየም ወይም ሌላ የቀበሌ ቤት ይመርጣል፤ ባለ ግል ይዞታው ምትክ ቦታና ካሳ ይጠብቃል። ደባሉ ግን በእጁ ምንም ወረቀት የለውም።

እንግዲህ ዜና መያዝ ብቻውን እንደማይበቃ የገባኝ እዚህ ላይ ነው። ሁለት ቅዳሜ ከሰዓት ዕድሩ ቤት በር ላይ ጠረጴዛ አወጣሁ። ሰው ወረቀቱን በፌስታል ይዞ መጣ። የኪራይ ደረሰኝ፣ የድሮ የቀበሌ መታወቂያ፣ አይጥ የበላው ውል። የጎደለውን በዝርዝር ጻፍንለት። ቅሬታ ላለው ሰው በ2011 የወጣው፣ መሬት ስለማስለቀቅና ስለ ካሳ የሚደነግገው አዋጅ ቁጥር 1161 ቅሬታ ሰሚና ይግባኝ ሰሚ እንዳለው ነገርኩት። አንድ ነገር አጥብቄ የምለው፣ ቅሬታ በቃል አታቅርቡ። በሁለት ኮፒ ጻፉ፤ እናንተ ጋ የሚቀረው ላይ የገባበትን ቀንና ማኅተም አስመቱ። ይህን ያደረገ ሰው «አልደረሰንም» ሲባል የሚያሳየው ነገር አለው።

ደብተሬን ዛሬ ሳገላብጠው የማዝንበት ሌላ ነገር አለ። መጀመሪያዎቹ ገጾች ላይ ያለው ሐዘን ብቻ ነው። ደስ ያለውን ሰው አልጠየቅኩም ነበር። ለዘጠኝ አባወራ አንድ ሽንት ቤት ስንጠቀም የኖርን ሰዎች ነን። ክረምት ላይ በጃንጥላ ተሰልፈን። አንዲት ጎረቤቴ አዲሱ ቤቷ ገብታ መጀመሪያ ያሳየችኝ ሳሎኑን አይደለም፤ የመጸዳጃ ቤቷን ቁልፍ ነው። «የኔ ብቻ ነው እኮ» አለችኝ፣ ቁልፉን ጨብጣ። ያው እሷው በሚቀጥለው ሳምንት ደውላ ቡና የምትጠራው ሰው አጥታ ጀበናዋን እንዳስቀመጠች ነገረችኝ። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱንም ከነቀናቸው ጻፍኩ። ፒያሳም ዛሬ መንገዱ ሰፍቷል፤ ማታ ማታ መብራቱ ስር ቤተሰብ ከነልጆቹ ሲንሸራሸር አያለሁ። የፈረሰውን እያሰብኩ፣ የተሠራውን አላየሁም ማለት አልችልም።

ዕድሩ ግማሹ ገላን ጉራ፣ ግማሹ አራብሳ፣ የቀረውም በየአቅጣጫው ተበተነ። ገንዘቡን እንከፋፈል የሚል ሐሳብ መጣ። ሦስት እሁድ ተከራከርን። እኔ መበተኑን አጥብቄ ተቃወምኩ፤ አሁንም ትክክል ነበርኩ ብዬ አምናለሁ። ድንኳኑና ሰሃኑ ተሸጦ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው የአንድ ሳምንት አስቤዛ አይሆንም። በመጨረሻ እጅ ወጥቶ ዕድሩ እንዲቀጥል ተወሰነ። ይህንን «ተወስኗል» ብዬ የጻፍኩት እጁን ራሴ ቆጥሬ ነው።

ከተበተንን በኋላ የመጀመሪያው ሞት የተሰማው ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ነው። ድሮ ቢሆን ጥሩምባው መደዳውን ያዳርሰዋል። አሁን ስልክ ነው። ደዋዩ ጎረቤት ስለነበር ለሟቹ ልጅ ራሴ ደወልኩ። እያለቀሰ አረጋገጠልኝ። ቀብሩ የት እንደሆነና ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቅኩት፣ ደብተሬ ላይ «ከባለቤቱ» ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ በኋላ ነው ለሌላው መደወል የጀመርኩት።

እማማ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ። ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና፣ «ማን ነገረህ?» አሉ።

«ልጁን ራሱን አናግሬዋለሁ፣ እማማ።»

«በል እንግዲያው» አሉኝ፣ «አይሱዙ ፈልግና ድንኳኑ ቶሎ ይጫን። እንጀራውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።»