«ቧንቧ ውሃ» አስራ ስድስት ባይት ውስጥ አይገባም

የደሴንና የኮምቦልቻን ታክሲ ፌርማታዎች የሚይዝ ፕሮግራም በሲ የፕሮግራም ቋንቋ ሲጻፍ፣ እጅ ቀድሞ የሚሄደው ወደ ቋሚ አሬይ (መጠኑ አስቀድሞ የተወሰነ የሜሞሪ ረድፍ) ነው፦ ለስም 16 ባይት። ፊደላት ወደ ባይት በሚቀየሩበት በዩቲኤፍ-8 አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ፒያሳ» 9 ነው። «ኮምቦልቻ» 15 ነው፤ ማብቂያውን ለማሳየት መጨረሻው ላይ ከሚቀመጠው ዜሮ ጋር ልክ 16 ሞላ። «ቧንቧ ውሃ» የሚባለው ፌርማታም አምስት ፊደል ነው፤ በመሀል ባለው ክፍተት ምክንያት ግን ከነዜሮው 17 ይሆናል። ጽሑፍ የሚቀዳው ስትርኤንኮፒ 16 ባይት ቅዳ ቢባል ዜሮውን ይተወዋል፣ ህትመቱም አሬዩን አልፎ ወደማያገባው ሜሞሪ ይገባል። 15 ቢባል ደግሞ «ሃ» ከሦስት ባይቷ ሁለቱ ብቻ ይቀሩና ስክሪኑ ላይ የጥያቄ ምልክት ሆና ትወጣለች። አሬዩን 64 ማድረግም መፍትሔ አይደለም፤ ለ«ፒያሳ» 54 ባይት በከንቱ ይሄዳል።

ከ1999ኙ የሲ ስታንዳርድ ጀምሮ የተሻለ መንገድ አለ። የስትራክቱ (የአንድ ፌርማታን መረጃ በአንድ ላይ የሚይዘው) የመጨረሻ አባል፣ መጠን የሚጻፍበት ቅንፉ ባዶ የሆነ የካር (የባይት) አሬይ ይሁን። ከፊቱ 4 ባይት መለያ ቁጥርና 2 ባይት የስም ርዝመት ይቀመጡ። ስሙ የሚቀጥለው እዚያው ላይ ስለሆነ አንድ ማሎክ (ሜሞሪ መጠየቂያ)፣ አንድ ፍሪ (መልቀቂያ) ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚስተው ስሌቱን ነው። በተለመዱት ኮምፓይለሮች (ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ በሚቀይሩት) የዚህ ስትራክት ሳይዝኦፍ፣ ማለትም መጠኑ፣ 8 ነው፤ 4 እና 2 ተደምሮ 6 ቢሆንም፣ መለያ ቁጥሩ በ4 የሚካፈል አድራሻ ስለሚፈልግ ኮምፓይለሩ 2 ባይት ይሞላል። ስሙ ግን የሚጀምረው ከ0 ሲቆጠር 6ኛው ባይት ላይ ነው፤ የአባልን መነሻ ቦታ የሚናገረው ኦፍሴትኦፍ የሚመልሰውም ይህንኑ ነው። ማሎክ ሲጠየቅ ሳይዝኦፍን መደመር ቢበዛ ሁለት ባይት ያባክናል እንጂ አይጎዳም። ሬከርድ (የአንድ ፌርማታ መረጃ) ከፋይል ሲነበብ የስሙን ቦታ በሳይዝኦፍ የሚፈልግ ግን የመጀመሪያዋን «ቧ» ሁለት ባይት ዘሎ ያነባል። በኦፍሴትኦፍ ሲሰላ «ቧንቧ ውሃ» 6 ሲደመር 17፣ 23 ባይት ነው። ስሙ ባዶ ከሆነ ድምሩ 7 ስለሚመጣ፣ ከ8 በታች ሜሞሪ አለመጠየቅ ነው።

ሬከርዶቹ በአንድ ባፈር (ሰፊ የሜሞሪ ቦታ) ውስጥ ተከታትለው ከተደረደሩ እያንዳንዱ በ4 በሚካፈል ቦታ ይጀምር፤ 23ቱ ወደ 24 ይጠጋል። ይህ ሲዘነጋ ላፕቶፕ ላይ ዝም ብሎ ሰርቶ፣ አንዳንድ ትንንሽ ቺፖች ላይ ፕሮግራሙ ይወድቃል። እንዲህ ያለ ስህተት ደግሞ ለማግኘት አሰልቺ ነው።

አንዱን ስትራክት ለሌላው በእኩል ምልክት መስጠትም አይሠራም፤ ስሙ አብሮ መቀዳቱ ዋስትና የለውም። ባይቶችን የሚቀዳው ሜምኮፒ ከነሙሉ ርዝመቱ ያስፈልጋል። የተያዘን ሜሞሪ መጠን የሚቀይረው ሪአሎክ ስትራክቱን ወደ ሌላ አድራሻ ሊያዛውረው ስለሚችል፣ ሌላ ቦታ የተያዘ ፖይንተር (አድራሻውን የያዘ ተለዋዋጭ) ካለ ባዶ ቤት ያንኳኳል። የሪአሎክ ውጤትም መጀመሪያ በሌላ ተለዋዋጭ ይያዝ፤ ናል (ሜሞሪ አልተገኘም ማለት ነው) ከመጣ አሮጌው አይጠፋም።

የፌርማታው ስም ቶሎ ቶሎ የሚቀያየር ከሆነ ግን በባዶ ቅንፉ አሬይ ፈንታ ፖይንተር ይሻላል። በ64 ቢት ማሽን ስትራክቱ 16 ባይት ይሆናል፣ ስሙም የራሱን ማሎክ ይፈልጋል። ሲለቀቅ መጀመሪያ ስሙ፣ ቀጥሎ ስትራክቱ።