ጡቴን መልሼ ላሠራ ወይስ ልተወው?

ቀኝ ጡቴ ሊወገድ 11 ቀን ሲቀረው ሐኪሙ "መልሰሽ ማሠራት ትፈልጊያለሽ?" አለኝ። ካንሰር መያዜን ራሱ ገና አላመንኩም ነበር። እሺ አልኩ። ገብቶኝ አይደለም፤ እምቢ ማለት እንደሚቻል አልታየኝም።

ማታ ለእህቴ ስነግራት "ምን አስቸኮለሽ?" አለችኝ። እውነቷን ነው። ጡት በተወገደበት ቀን እዚያው ሊሠራ ይችላል፣ ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላም ይቻላል። ይሄን ማንም አልነገረኝም ነበር። በማግስቱ ደውዬ ስጠይቅ ጨረር ሊታዘዝልኝ እንደሚችልም ሰማሁ። ጨረር ያገኘው ቆዳ ይጠነክራል፣ እንደ ልብ አይለጠጥም፤ ኢምፕላንት (በጡት ምትክ ከቆዳ ሥር የሚገባ ሰው ሠራሽ ጡት) ካለበት ደግሞ ዙሪያውን የሚሠራው ጠባሳ ተጨማዶ ጡቱን እንደ ድንጋይ ሊያደርገውና ሊያሳምም ይችላል። ሁሉም ላይ አይደርስም፣ ግን ጨረር ሲኖር ዕድሉ ይጨምራል። ስለዚህ አቆየሁት።

ሕክምናው ካለቀ በኋላ ረጋ ብዬ አጣራሁ። በኢምፕላንት ከሆነ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከረጢት ይቀመጥና በየጊዜው በመርፌ የጨው ውሃ እየተጨመረ ቆዳው ይለጠጣል፣ ከዚያ በሌላ ኦፕራሲዮን ከረጢቱ ወጥቶ ኢምፕላንቱ ይገባል። እሱም የዕድሜ ልክ አይደለም፤ ዓመታት ሲያልፉ መቀየር ሊያስፈልገው ይችላል። ሌላው መንገድ ከራስ ሆድ ቆዳና ስብ ወስዶ ደረት ላይ መትከል ነው። ደም ስሮቹ በማይክሮስኮፕ እየታዩ ይሰፋሉ፣ ብዙ ሰዓት ይፈጃል፣ ሆድ ላይም ከዳር እስከ ዳር ጠባሳ ይቀራል። ግን የራስ ሥጋ ነው። ይሞቃል፣ ስትወፍሪ ይወፍራል፣ ስትከሺ ይከሳል። ጨረር ላገኘ ደረት ብዙ ጊዜ የሚመከረውም ይሄው ነው። ስኳር ያለባት ወይም የምታጨስ ሴት ቁስሏ ቶሎ ላይድን ይችላልና ለሐኪሟ ሳትደብቅ ትንገር።

ያስደነገጠኝ ግን ስሜቱ ነው። ጡት ሲወገድ ነርቮቹም አብረው ይቆረጣሉ፤ የተሠራው ጡት አብዛኛውን ጊዜ ደንዛዛ ነው። ነርቭ ለማያያዝ የሚሞክሩ ሐኪሞች አሉ፣ እንደ ድሮው ግን አይሆንም። ይሄን የሰማሁ ቀን ብዙ አለቀስኩ። ለካ እኔ የናፈቀኝ ቅርጹ አልነበረም፤ ልጄ ደረቴ ላይ ስትተኛ ይሰማኝ የነበረው ሙቀት ነው። እሱን ደግሞ የትኛውም ኦፕራሲዮን አይመልስልኝም።

ተውኩት።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እላለሁ። "ኋላ ታሠራዋለች" ተብሎ የተተወልኝ ትርፍ ቆዳ ተንጠልጥሎ ቀረ፣ ብብቴ ሥር እያሸኝ ተሠቃየሁ፣ በኋላ በሌላ ትንሽ ኦፕራሲዮን ነው የተስተካከለው። ለጥ ያለ ደረት የምትፈልጊ ከሆነ ከኦፕራሲዮኑ በፊት በግልጽ ተናገሪ፣ ስፌቱ እንዴት እንደሚሆንም ፎቶ አሳዩኝ በያቸው። አሁን ጡት መያዣ ውስጥ የሚገባ የሲሊኮን ጡት አለኝ። አንዳንድ ቀን አደርገዋለሁ፣ አንዳንድ ቀን አላደርገውም።

አብረን ኬሞ የወሰድን ጓደኛዬ ከሆዷ አሠራች። ማገገሙ ከባድ ነበር፣ ሳምንታት ጎንበስ ብላ ነው የሄደችው፣ ግን አንድም ቀን ስትጸጸት አልሰማኋትም። ባለፈው ወር የጡቷን ጫፍ በንቅሳት አሠርታ ልታሳየኝ መጣች። ንቅሳቱ በጣም ያምራል። እኔም ሸሚዜን ከፈትኩና መስታወቱ ፊት ጎን ለጎን ቆምን።